ባርኔጣው የወደቀበት ቀን

ባለፈው እትም የቻርልስ ዲከንስን «ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ» አንብቡና ጻፉልኝ ብዬ ነበር። «ታላቅ ተስፋ» ብንለው ያስኬዳል። አብዛኛው ሰው ስለ ፍቅሩ ይጠይቀኛል ብዬ ስጠብቅ፣ የመጣው ደብዳቤ ሁሉ ማን ጥሩ ሰው ነው፣ ማን ክፉ ነው በሚለው ላይ ሆነ። ደስ አለኝ።

ላላነበባችሁ ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ፒፕ የሚባል ወላጅ አልባ ልጅ በእንግሊዝ ረግረግ አገር፣ እህቱና ባሏ ቤት ያድጋል። ባሏ አንጥረኛው ጆ ነው። አንድ የገና ዋዜማ ማግዊች የሚባል ከእስር ያመለጠ ሰው መቃብር ቦታ ላይ ፒፕን ይይዘዋል። ልጁ በፍርሃት ምግብና ሞረድ ሰርቆ ያመጣለታል። ኋላ ሚስ ሃቪሻም የምትባል፣ በሠርጓ ዕለት የተከዳች ሀብታም ሴት ታስጠራዋለች። እሷ ቤት በማደጎ ያደገችውን ኤስቴላን ያያል፤ ኤስቴላ እጁና ጫማው ሻካራ ነው ብላ ትስቅበታለች። ካደገ በኋላ ስሙን ያልገለጸ ሰው ገንዘብ ይመድብለትና ለንደን ገብቶ «ጀንትልማን» ይሆናል። ገንዘቡ የሚስ ሃቪሻም ይመስለዋል። የዚያ እስረኛ ሆኖ ይገኛል።

ወደ ጥያቄዎቹ።

«ጋሼ፣ በዚህ መጽሐፍ ምክንያት ከወንድሜ ጋር ተኳርፈናል። እሱ ፒፕ ውለታ ቢስ ነው ብሎ መጽሐፉን ግማሹ ላይ ትቶታል። እኔ ደግሞ ደሃ ሆኖ ስለተናቀ ነው እንጂ ክፉ ልጅ አይደለም እላለሁ። ማናችን ነን ልክ?»

ወንድምሽ መጽሐፉን የዘጋበትን ቦታ የማውቀው ይመስለኛል። 59 ምዕራፎች አሉት። ምዕራፍ 27 ላይ ካልዘጋው ጻፊልኝና እቀጣለሁ።

ጆ ለንደን የሚመጣበት ምዕራፍ ነው። ፒፕን ለማየት ይመጣል። ፒፕ ደብዳቤው ሲደርሰው ምን እንደተሰማው ራሱ ይነግረናል። ገንዘብ ከፍዬ ላስቀረው ብችል ኖሮ በእርግጥ እከፍል ነበር ይላል። ይህንን የሚለው ስላሳደገው ሰው ነው። አስቢው።

ጆ ደረጃውን ሲወጣ ኮቴው ከሩቅ ይሰማል። እግሩን ምንጣፉ ላይ ሲጠርግ አይጨርስም። በሩ ሲከፈት «ፒፕ!» ይላል፣ ፊቱ ሁሉ ይበራል። ከዚያ ዓይኑ ክፍሉን ይዞራል። ከክፍሉ ፒፕ የለበሰው ባለ አበባ የቤት ካባ ላይ ያርፋል። እዚያ ላይ አንድ ነገር ይሰበራል። ባርኔጣውን አስቀምጥልህ ሲሉት እንቢ ይላል፤ እንቁላል ያለበት የወፍ ጎጆ እንደያዘ ሰው በሁለት እጁ ያቅፈዋል። በመጨረሻ ከምድጃው በላይ ካለው ጠርዝ ጥግ ላይ ያስቀምጠዋል። ይወድቃል። ይቀልባል። መልሶ ያስቀምጠዋል። ይወድቃል። ፒፕ አብሮት የሚኖረው ኸርበርት ሻይ ወይስ ቡና ሲለው ለእርስዎ ደስ ያለዎትን ይላል። ባርኔጣው መጨረሻ ላይ የሻይ ዝቃጭ የሚደፋበት ሳህን ውስጥ ይገባል።

ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ ሳነበው በሳቅ ሞቻለሁ። አሁን አላስቅ ብሎኛል።

ያላስቀኝ ጆ ፒፕን የሚጠራበት «ሰር» (ጌታዬ) የሚለው ቃል ነው። እንግሊዝኛ አንተና እርስዎ አይለይም። «ዩ» ለሁሉም አንድ ነው። ስለዚህ ዲከንስ ያንን ልዩነት ለማሳየት ያለችው ቃል «ሰር» ብቻ ነች። በአማርኛ አስቢው። ጆ ልጁን ከእቅፉ ጀምሮ «አንተ» ሲለው ኖሯል። አሁን ኸርበርት ወጥቶ ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ እንኳ «አሁን እኔና እርስዎ ብቻችንን ስለሆንን» አለው ማለት ነው። ፒፕ ይበሳጫል! እንዴት እርስዎ ትለኛለህ ይላል። ያንን ቃል ከጆ አፍ ያወጣው የራሱ ፊት መሆኑን አላየም።

እዚህ ላይ አንድ የራሴን ነገር ልጨምር። እኔን ያስተማረኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። የእጅ ባለሙያ ነው፣ ትምህርቱን ለእኔ ሲል አቋረጠ። ሥራ በያዝኩ በሁለተኛው ዓመት ስብሰባ ልንገባ ስንል ደወለልኝ። አጠገቤ ሁለት ባልደረቦቼ ቆመዋል። አንደኛውን ከልቤ አልወደውም ነበር። ስልኩን አነሳሁና «አቤት፣ እንደምን ዋሉ? አሁን ስብሰባ ላይ ስለሆንኩ መልሼ እደውልልዎታለሁ» አልኩት። ወንድሜን! ዕድሜ ልኬን አንተ ስለው የኖርኩትን። ደንበኛ እንዲመስል ነው። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «እሺ ጌታዬ፣ አይቸኩሉ» አለኝ። እየቀለደ ይሁን አይሁን እስካሁን አልጠየቅኩትም።

ያ የማልወደው ባልደረባዬ ነገር ትዝ ያለኝ በዲከንስ ምክንያት ነው። ፒፕ ጆ እንዲታይበት የማይፈልገው ማን ፊት መሰለሽ? ኸርበርት ፊት አይደለም። ኸርበርትን ይወደዋል፣ አይፈራውም። የሚፈራው ቤንትሊ ድረምል የሚባለው ባለጌ እንዳያየው ነው። ይህንን ሰው ፒፕ ከልቡ ይንቀዋል። የሕይወታችንን ትልልቅ ድክመትና ክፋት የምንሠራው አብዛኛውን ጊዜ በጣም ለምንንቃቸው ሰዎች ብለን ነው ይላል ፒፕ። ይህንን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ተነስቼ ውኃ ጠጣሁ።

እንግዲህ ለወንድምሽ የምትነግሪው ይኼ ነው። ፒፕ ውለታ ቢስ ነው ያለው ልክ ነው። ነገር ግን ከእሱ ቀድሞ ይህንን ያለው ራሱ ፒፕ ነው። ታሪኩን የሚናገረው ትልቅ ሰው የሆነው ፒፕ ነው። ገንዘብ ከፍዬ ባስቀረሁት የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ባይጽፋት ማንም አያውቅበትም ነበር። ከሳሹም ተከሳሹም እሱ ነው። ወንድምሽ ግማሹ ላይ ሲዘጋው ክሱን ሰምቶ ችሎቱን ትቶ እንደወጣ ሰው ሆነ።

አንቺም ግን ድህነቱን ብቻ አትጥሪ። የተናቀ ደሃ ሁሉ አሳዳጊውን አያሳፍርም። ደግሞ ተመልከቺው፣ ፒፕ ሰበብ አያጣም። ትውልድ ቦታው ሲሄድ ጆ ቤት ላለማደር ሰበብ ይደረድርና ሆቴል ያድራል። ሳይጠይቀው ወደ ለንደን ይመለሳል። ከዚያ ምን ይልካል? አንድ ትልቅ ዓሣና አንድ በርሜል ኦይስተር (ቅርፊት ውስጥ ያለ የባሕር ምግብ)። እኛም እኮ እንልካለን። መሄድ ሲያቅተን እቃ እንልካለን።

ፒፕ የሚለወጠው እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። 23 ዓመቱ ሳለ፣ ዶፍ በሚዘንብበት ሌሊት ማግዊች ይመጣል። ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት አውስትራሊያ የተጋዘ ሰው ነው፤ ቢመለስ ቅጣቱ ሞት ነው። ኒው ሳውዝ ዌልስ ላይ በግ እያረባ ያገኘውን ሁሉ ለፒፕ ልኳል። ያችን የሰረቃትን ምግብ አልረሳም። ፒፕ ግን ይጸየፈዋል። የመኝታ ክፍሉን ከውጭ ይቆልፍበታል። እዚህ ጋ ዲከንስ የሠራው ነገር ያስቀናኛል። ፒፕ በላቡ በሚያድር አንጥረኛ ሲያፍር ኖረ፤ ሲኮራበት የነበረው ካባ ግን የወንጀለኛ ገንዘብ ሆነ።

አሁን ወደ ችሎቱ። ማግዊች ተይዟል። ቆስሏል፣ ሊሞት ነው። አዳራሹ በተመልካች ተሞልቷል። ፒፕ ከተከሳሾች ሳጥን ውጭ ቆሞ እጁን ይይዘዋል። 32 ሰዎች ላይ በአንድ ጊዜ ሞት ይፈረዳል። ሰዉ እየተነሳ ወደዚህና ወደዚያ ይጠቁማል፤ ከሁሉ በላይ የሚጠቁመው ወደ እሱና ወደ ፒፕ ነው። ፒፕ እጁን አይለቅም። ዲከንስ እዚያ ላይ ምንም ስብከት አይጨምርም። ልጁ ከዚህ በፊት ባዶ ቤት ውስጥ እንኳ ሰው ያየኛል ብሎ ሲሳቀቅ የነበረ ነው፤ አሁን ለንደን ሁሉ እያየው ነው።

ከዚያ ሁሉ በኋላ ፒፕ ይታመማል። ጆ መጥቶ ያስታምመዋል። አቅመ ቢስ ሆኖ ተኝቶ ሳለ ጆ እንደ ጥንቱ «አንተ» ይለዋል። እየዳነ፣ እየጠነከረ ሲሄድ «ሰር» ቀስ እያለ ተመልሶ ይገባል። አንድ ጠዋት ፒፕ ሲነሳ ጆ ሄዷል። 123 ፓውንድ ከ15 ሽልንግ ከ6 ፔንስ የጌጣጌጥ ዕዳውን ከፍሎ፣ ደረሰኙንና ደብዳቤ ትቶ። ደብዳቤው ላይ «ሰር» የለም። «ውድ ፒፕ» ይላል። ፊደሉ ስህተት የሞላው ነው። በአማርኛ ብተረጉመው እዚያ ደብዳቤ ላይ አንተ ነው የምለው።

ዲከንስስ? በ12 ዓመቱ፣ 1824፣ አባቱ በዕዳ ማርሻልሲ ወህኒ ቤት ገባ። ልጁ የጫማ ቀለም ፋብሪካ ውስጥ የቀለም መያዣዎች ላይ ወረቀት ሲለጥፍ ነበር። ልጆቹ ይህንን ያወቁት እሱ ከሞተ በኋላ፣ ወዳጁ ፎርስተር የሕይወት ታሪኩን ሲጽፍ ነው። ስለ ማፈር የጻፈው ከሩቅ ሆኖ አይደለም።

ለወንድምሽ ከምዕራፍ 28 እንዲቀጥል ንገሪልኝ።

«የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ሁሉም ሰው ጆ ደግ ነው ይላል። ሚስቱ ግን ያንን ሕፃን በዱላ ስትገርፈው ዝም ብሎ ያያል። ይህ ደግነት ነው ወይስ ፍርሃት?»

እመቤቴ፣ ይህንን ጥያቄ በመጠየቅዎ አመሰግንዎታለሁ። ሁሉም ጆን ሲያሞግስ ዝም ይላሉ እንጂ ብዙ ሰው ውስጡን ያሳክከዋል።

ዱላው ስም አለው። «ኮርኳሪው» ነው የሚሉት። ፒፕ በእሱ ያድጋል። ጆ ምን ያደርጋል? የገና ዕለት ምሳ ላይ ያለውን ያስታውሱ። እንግዶቹ ሁሉ ልጁ ላይ ተነስተዋል። ምስጋና ቢስ ነህ፣ ከአሳማ አትሻልም እያሉ ይሰብኩበታል። ጆ አንድ ቃል አይተነፍስም። በስድቡ መሐል ማንኪያውን አንስቶ መረቅ ይጨምርለታል። ስድብ፣ መረቅ። ስድብ፣ መረቅ። አንዴማ ሩብ ሊትር ያህል ገልብጦለታል።

እወደዋለሁ ያንን መረቅ። ግን መረቅ ዱላ አያስቆምም።

ጆ ምክንያቱን ይናገራል። አባቱ ሰካራም ነበር፣ እናቱንና እሱን ይደበድብ ነበር። ሸሽተው ሌላ ቦታ ሥራ ሲጀምሩ ሰው አስከትሎ መጥቶ ይወስዳቸዋል። ጆ ሲያድግ አንድ ነገር ቆረጠ። ሴት ላይ እጄን አላነሳም፤ ከምበድል ብበደል ይሻለኛል አለ። ጥሩ። የተበደለው ግን እሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነበር። ይህንን ጆ ራሱ ያውቀዋል፣ ኮርኳሪው ላንተ ባይኖርልህ እወድ ነበር ይለዋል ለልጁ። መጨረሻው አካባቢ ደግሞ፣ ፒፕን እያስታመመ ሳለ፣ የሚያስገርም ነገር ይነግረዋል። እኔ ጣልቃ በገባሁ ቁጥር አንተ ላይ ዱላው ይበረታ ነበር፤ አስተውዬዋለሁ ይለዋል። ስለዚህ ዝምታው ስሌት ነበረው።

ፈሪ እንዳልሆነማ በሌላ ቦታ ይታያል። ሠራተኛው ኦርሊክ የጆን ሚስት ሲሰድብ ወዲያውኑ ከከሰል ብናኝ ላይ አስተኝቶታል። ጠበቃው ጃገርስ ፒፕን ሲወስድ ካሳ ልክፈልህ ሲለው ደግሞ ቡጢውን ጨብጦ ተነስቷል። ለዚያ ለትንሽ ልጅ ገንዘብ ካሳ ይሆነኛል ብለህ ነው? ይለዋል፣ እምባው እየመጣ። ፒፕ እዚያ ላይ ጆን ሰው መጨፍለቅም የእንቁላል ቅርፊት መዳበስም ከሚችል የእንፋሎት መዶሻ ጋር ያመሳስለዋል።

እኔ ግን እላለሁ፦ ስሌቱ አላረካኝም። ልጁ አፍንጫው ሥር ሲገረፍ የሚያሰላ ሰው ስሌቱን ያን ያህል ዓመት አይደብቅም። ቢያንስ ያኔውኑ በጆሮው ሹክ ይለዋል። ዲከንስ ጆን እንደ ቅዱስ የሳለው የሚመስላቸው ይህንን ምዕራፍ ቢደግሙት ጥሩ ነው። ጉድለቱን እዚያው አስቀምጦታል። ደግሞ ጉድለቱ አላሳነሰውም፣ ለእኔ። እርስዎ ካልተስማሙ እንከራከር።

«ለእኔ ምርጡ ሰው የጠበቃው ጸሐፊ ዌሚክ ነው። ቢሮ ሌላ፣ ቤት ሌላ። እኔም በሥራ ቦታ ድንጋይ ነኝ፣ ቤት ስገባ ሰው እሆናለሁ። ይህ አስመሳይነት ነው ይላሉ?»

ወንድሜ፣ ዌሚክን እኔም እወደዋለሁ። አፉ እንደ ፖስታ ሳጥን ቀዳዳ ነው። ቤቱ ስትደርስ ግን ትንሽዬ የእንጨት ግንብ ሠርቷል፣ ለመግቢያ የሚነሳ ሳንቃ ድልድይ አለው፣ ማታ ማታ በ9 ሰዓት መድፍ ይተኩሳል። (የእነሱ 9 ነው፣ በእኛ 3።) ደንቆሮ አባቱ እንኳ ያንን ድምፅ ይሰማል። እንግዳ ሲመጣ ለሽማግሌው ራስህን ነቅንቅላቸው፣ ደስ ይላቸዋል ይላል።

ፒፕ ለጓደኛው ለኸርበርት በድብቅ ሥራ መክፈቻ ገንዘብ ልሰጠው ነው ብሎ ሲያማክረው ደግሞ ቢሮ ውስጥ የቴምዝን ድልድዮች አንድ በአንድ ይቆጥርለታል። ስድስት ናቸው። አንዱን ምረጥና ገንዘብህን ወንዙ ውስጥ ጣለው ይለዋል። ቤቱ ሲሄድ ግን ጉዳዩን ራሱ ይፈጽምለታል።

ለጥያቄህ መልሴ፦ አስመሳይነት አይደለም። ቤቱን ከቢሮው መጠበቂያ ነው። ግን የዌሚክን ጣቶች እያቸው። ቢያንስ አራት የሐዘን ቀለበት አድርጓል። ሊሰቀሉ የተቃረቡ ደንበኞች የሚሰጡትን ነገር ይሰበስባል፣ «ተንቀሳቃሽ ንብረት» ይለዋል። ያንን ያጠለቀውን ጣት ይዞ ነው አባቱ የሚጠብሰውን ዳቦ የሚበላው። አንተስ ከቢሮ ወደ ቤት ምን ይዘህ ትገባለህ? ድንጋይነቱን በር ላይ ካስቀመጥከው ጥሩ።

«መጽሐፉ ሁለት መጨረሻ አለው የሚባለው እውነት ነው? የቱ ይሻላል?»

እውነት ነው። ልብ ወለዱ ከዲሴምበር 1860 እስከ ኦገስት 1861 ዲከንስ በሚያዘጋጀው ሳምንታዊ መጽሔት ላይ ወጣ። መጨረሻውን ጽፎ ሲያበቃ ወዳጁ ደራሲው ቡልወር ሊተን አነበበውና ቀይረው አለው። ቀየረው። ሁላችንም የምናነበው ፒፕና ኤስቴላ የፈረሰው የሚስ ሃቪሻም ቤት አትክልት ቦታ ላይ የሚገናኙበትን፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚወጡበትን ነው። የመጀመሪያውን ፎርስተር በኋላ አሳተመው።

እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። አጭር ነው። ፒፕ ለንደን ጎዳና ላይ አንድ ትንሽ ልጅ ይዞ ይሄዳል። ልጁ የጆ ነው፣ ስሙም ፒፕ ነው። ኤስቴላ ከሠረገላዋ ታስጠራዋለች። ትንሽ ያወራሉ። ያንን ቆንጆ ልጅ አንሳልኝና ልሳመው ትላለች። የፒፕ ልጅ መስሏታል። ፒፕም አይደለም አላላትም።